የሚያስለቅስ አምጣ

የወልቂጤው ሚኒባስ ቡታጅራ መናኸሪያ ውስጥ እስኪሞላ፣ በርበሬ ነጋዴዋ ባሂራ ጎኗ ከተቀመጠው ሰውዬ ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት። ፀጉሩ ገብስማ ነው። ኮቱ ተተኩሷል፣ ጫማው ግን የጓሮ አፈር እንደተጣበቀበት ነው። ወረቀት ላይ «አንዲት እናት ነበረች» ብሎ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ ደግሞ ይጽፋል።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?» አለችው።

«የእንሰት በሽታ አጠናለሁ። ዘጠኝ ዓመት የለፋሁበትን ይዤ ለጋሾችን በጀት ብጠይቅ፣ ‹ቁጥርህን ተውና የሚያስለቅስ ታሪክ አምጣ› አሉኝ። ያውም በአምስት ደቂቃ!»

«ታዲያ የለዎትም?»

«ያለኝማ በሽታውን እንዳያዛምት ቢላዋቸውን በእሳት እየለበለቡ እንሰታቸውን ያዳኑ ሴቶች ታሪክ ነው። እሱን ስነግራቸው ሰዓታቸውን ያያሉ። የዳነ ጓሮ ማንን ያስለቅሳል?»

ባሂራ የጆንያዋን ማሰሪያ ለመቁረጥ ቢላዋ ጠየቀችው። በጨርቅ የተጠቀለለ አወጣና፣ ከመስጠቱ በፊት ላይተር ለኩሶ ስለቱን በእሳቱ ላይ አገላበጠው። ስትመልስለትም እንደዚያው አደረገ።

«ኧረ ገመድ እኮ ነው የቆረጥኩበት!» ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። «ተማሪ ሳለሁ በዚህ ቢላዋ ከታመመ እንሰት ናሙና ቆረጥኩ። ሳላጸዳው ቤት ሄጄ የእናቴን እንሰት ቆረጥኩበት። በዓመቱ ጓሮዋ ባዶ ሆነ።»

«ያ ረቢ! እሱን ይንገሯቸዋ!»

ሰውዬው «አንዲት እናት ነበረች» የሚለውን ለመጨረሻ ጊዜ ሰረዘው።

«እናቴ እስከ ዛሬ ንፋስ ያመጣው ነው የሚመስላት» አለ፣ ቢላዋውን መልሶ እየጠቀለለ።