ጉልበቱ አይታጠፍም

የታሰርኩ ጊዜ እጆቼ ገና እርፍ ይጨብጡ ነበር። መሬታችንን በገመድ ሊለኩ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ አርብ ገበያ ላይ ቆሜ «የአባቶቻችሁን ርስት አታስለኩ» ብዬ ተናገርኩ። ገበያው ሳይበተን ወሰዱኝ።

ወህኒው መስኮት የሌለው የድንጋይ ቤት ነበር። ወለሉ ክረምት ከበጋ ይረጥባል፤ የገብስ ገለባ አንጥፈን እንተኛለን። በሽታው የጀመረኝ እዚያ ነው። አንድ ጠዋት የሁለቱም እጆቼ ጣቶች አብጠው፣ ግለው አገኘኋቸው። እያደር ወደ ጉልበቴ ወረደ። የአገሬ ሰው ቁርጥማት ይለዋል። ጠዋት ጠዋት እንደ ደረቀ ቆዳ እገተራለሁ፤ ወደ እኩለ ቀን ፀሐይ ስትሞቅ ትንሽ እፍታታለሁ።

የሱሪዬን ማሰሪያ መቋጠር አቃተኝ። ይህን ያልደረሰበት አያውቀውም። የሚቋጥርልኝ ከጎኔ የሚተኛው፣ የንፋስ መውጫ ከተማ ሸማ ነጋዴ የሆነ ሙስሊም ሽማግሌ ነበር። ለሽፍታ ጨርቅ ሸጠሃል ብለው ነው ያሰሩት። እንዳላፍር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቋጥርልኛል። እህሌንም የሚያጎርሰኝ እሱ ነበር።

የዘበኞቹ አለቃ ግን «ያስመስላል» አለ። ለቆጠራ መነሳት ሲያቅተኝ ጉልበቴን በጫማው ይረግጠዋል፤ አንዳንዴም ቀዝቃዛ ውሃ ያስደፋብኛል።

«ገበያ ላይ ስትለፈልፍ ምላስህን አልቆረጠመህም» ይለኛል።

ያን ጊዜ የምጸልየው ለመዳን አልነበረም። ያ የሚረግጠኝ እግር እንዲደርቅ ነበር።

የፋሲካ ሰሞን አገረ ገዥው ምሕረት ሊሰጥ መጣ። ግቢው ውስጥ አሰለፉን። ተራው የደረሰ መሬት ድረስ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል፣ «በድያለሁ» ይላል፣ ይፈታል። ቤቴ ሚስቴና ልጆቼ ይጠብቁኛል፤ ዝናቡ ሳይጥል መሬቱ መታረስ ነበረበት።

ሽማግሌው ከእኔ ቀድሞ ቀረበ። ሲያጎነብስ ቆቡ ወደቀ፤ ሊያነሳው ሲል ዘበኛ ገፍትሮ አሳለፈው። ቀጥሎ የእኔ ተራ ሆነ። ሳላጎነብስ ቆምኩ። ቆሜ ስቀር ጣጣው ለራሱ እንደሚተርፍ የፈራው የዘበኞቹ አለቃ ፈጠን ብሎ ወደ ፊት ወጣ።

«ጌታዬ፣ ይኼስ በሽተኛ ነው። ጉልበቱ አይታጠፍም።»

«እንግዲያስ ይቅርለት፤ ይሂድ» አለ አገረ ገዥው።

ከእኔ የሚፈለገው ዝምታ ብቻ ነበር። ግን ደሜ ፈላ። ሲረግጠኝ አስመሳይ፣ ለራሱ ሲፈራ በሽተኛ! እኩለ ቀን ነበር፤ ጉልበቴ ሞቋል። ለአገረ ገዥው ጀርባዬን ሰጥቼ ቆቡ ወደወደቀበት ዞርኩ። እያመመኝ በርከክ አልኩ። ጣቶቼ ስለማይጨብጡ ቆቡን በሁለት መዳፎቼ መሀል ይዤ ተነሳሁና ለሽማግሌው ሰጠሁት።

«ለወዳጅ ይታጠፋል» አልኩ።

የአለቃው ፊት አመድ መሰለ። በሰው ሁሉ ፊት ውሸታም ሆኖ ቀረ። እኔንም ወደ ወህኒው መለሱኝ።

«ምን ነካህ ልጄ?» አለኝ ሽማግሌው። ከመውጣቱ በፊት የሱሪዬን ማሰሪያ አጥብቆ ቋጠረልኝ።

ክረምቱን እዚያው ከረምኩ። ጣቶቼ ወደ ጎን ተጣመው የቀሩት በዚያ ክረምት ነው። ከተፈታሁ በኋላም እርፍ አልጨበጥኩም። ሚስቴ እስከ ዛሬ ሱሪዬን ስትቋጥርልኝ «ዝም ብትል ምን ነበረበት?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እኔ ግን አልጸጸትም።

ያ አለቃ ሸምግሎ እዚሁ እኛ ዘንድ ይኖራል። ማኅበር ላይ ሲገባ ሰው ሁሉ «ኖር» እያለ ይነሳለታል። እኔ እንደተቀመጥኩ ነኝ። ልጄ ያፍርና «አይቀየሙን፣ አባቴ ጉልበቱ እምቢ ብሎት ነው» ይለዋል።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» ይላል እሱም፣ መሬት መሬት እያየ።

ልጄ አልዋሸም፤ ጉልበቴ ዛሬ የእውነት አያነሳኝም። «ኖር» ለማለት ግን ጉልበት አያስፈልግም።