ሾላውን ለእኔ አደራ ያሉት ሰው

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሚስቴም አታውቅም። አንባቢዬ፣ ለአንተ የምነግርህ ፊትህን ስለማላየው ነው። ባየው ኖሮ "ይሄ ደግሞ ለማን ሊነግርብኝ ነው?" ማለቴ አይቀርም ነበር። ጥርጣሬ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ያኔ ቦንጋ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ። ጊዜው ሁላችንም በአንድ ለአምስት የተጠረነፍንበት ነው፤ አንዱ አምስቱን ይጠብቃል፣ አምስቱም አንዱን ያያሉ። ጋሽ ደምሴ ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበሩ። የከተማ ዛፎችን ስለ መጠበቅ መጽሐፍ ጽፈው ከደመወዛቸው ቆጥበው አሳተሙ። በገበያ ቀን ከትልቁ ሾላ ሥር ጆንያ አንጥፈው ያስተዋውቁታል። ገዢውን ግን ዝም ብለው አይለቁትም።

"አንብበህ ብቻ አትቅር። አራት ሰው ጨምርና አምስት ሆናችሁ አንድ ዛፍ ጠብቁ" ይሉታል።

አምስት! ጆሮዬ ቆመ። ሰው በአምስት ማደራጀት የማን ሥራ ነው? ማን ፈቀደላቸው? ለዛፍ ጥበቃ ቡድን ምን ያደርጋል? ላጣራ ብዬ መጽሐፉን ገዛሁ። እሳቸው ደስ ብሏቸው "ለሾላው አንድ ሰው ጎድሎን ነበር" አሉና ከራሳቸው ቡድን ቀላቀሉኝ። አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ ባለሱቅ ሐጂ፣ እዚያው ሾላ ሥር ኮረሪማ የሚሸጡት እትዬ ወርቄ፣ እሳቸውና እኔ ሆንን።

የሚያወሩት ስለ ሾላው ብቻ ነበር። ግንዱ ላይ ምስማር ማን መታ፣ ሥሩ ላይ የሳሙና እጣቢ ማን ደፋ። እትዬ ወርቄ አንድ ቀን "እኛ ካፋዎች እንዲህ ያለ ዛፍ ዝም ብለን አንቆርጥም። ሽማግሌ ሥሩ ተቀምጦ ሳይለምን ማን ይነካል?" አሉ። እኔ ግን ይህንንም ጠረጠርኩ። መጽሐፉ ላይ "ሥሩ የበሰበሰ ዛፍ ቅጠሉ ለምለም ሊመስል ይችላል" የሚል ሳነብ ዛፉ ማን ይሆን እያልኩ አሰመርኩበት። እስከ መጨረሻው ገጽ ፈለግሁ። ዛፉ ዛፍ ነበር። ይህን አወቅሁ፤ ቀጥሎ የምነግርህንም አውቄ ነው ያደረግሁት።

አንድ ጠዋት አለቃዬ "ሾላ ሥር ከእነማን ጋር ነው የምትቀመጠው?" አለኝ። በቀጣዩ ግምገማ ላይ ሌላ ሰው ስሜን ሳያነሳ እኔ ቀድሜ እጄን አወጣሁ።

"ሰውዬው በዛፍ ስም ሰው እያደራጀ ነው። ውስጣቸው ገብቼ አጣርቻለሁ" አልኩ።

ጋሽ የምላቸውን ሰው "ሰውዬው" አልኳቸው። ማን አስገደደኝ? ማንም አላስገደደኝም። ራሴን ለማዳን እኔ ሸጥኳቸው።

መጽሐፉ እንዳይሸጥ ተከለከለ፤ እሳቸውም ከቢታ ገነት ወዲያ ወዳለ ሩቅ የገጠር ትምህርት ቤት ተዛወሩ። በሚሄዱበት ቀን ቤቴ መጡ። ሊያፋጥጡኝ ነው ብዬ በሩን በግማሽ ከፈትኩ። እሳቸው ግን እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"ወንድሜ፣ ሌሎቹን አስፈራርተዋቸዋል። አንተ ቢሮ አለህ፣ ቃልህ ይሰማል። ሾላውን አደራ!"

"እሺ" አልኩ። ብዙም ሳይቆይ ቦታው የሚኒባስ መቆሚያ እንዲሆን ተባለ። በስብሰባው ላይ "ተቃውሞ ያለው?" ሲባል ጫማዬን አየሁ። ሾላው ሽማግሌ ሳይለምነው በአንድ ቀን ወደቀ። እትዬ ወርቄ ኮረሪማቸውን ይዘው ወደ አንድ ሱቅ ግድግዳ ጥግ ዞሩ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ብላቸው አይመልሱልኝም። ማን ነገራቸው?

ጋሽ ደምሴስ ያውቁ ነበር? አውቀው ከሆነ አደራ ያሉኝ በደሌን እንድክስ ብለው ይሆን? ስንት ዓመት ሙሉ ይህን አመላለስኩ። አንዴ ከቢታ ገነት የመጣ መንገደኛ ሰላምታቸውን አደረሰልኝና "ሾላው እንዴት ነው? ብለውሃል" አለኝ። ሊፈትኑኝ የላኩት መስሎኝ ዓይን ዓይኑን አየሁት። ሰውየው የሚያውቀው ነገር አልነበረም። "ደህና ነው በላቸው፤ ለምልሟል" አልኩት።

ይህን ሰምተው በጣም ደስ እንዳላቸው፣ በዓመቱም እዚያው ማረፋቸውን ቆይቼ ሰማሁ።

"ዘመኑ ነው" እንድል አትጠብቅ። አደራ የተባለው ዘመኑ አልነበረም። "ደህና ነው" ያልኩት እኔ ነኝ።