ከወተት የነጣ የጥገና ወረቀት

ሮቤ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ባለንብረት ግቢ የተቀጠርኩት ቢሮ ለመጥረግ ነበር። አራተኛ ክፍል መድረሴ ሲታወቅ "ታዲያ ማንበብ ትችያለሻ!" ተባልኩና የጥገና ወረቀት ተቀባይ ሆንኩ። ተሳቢ ተጠግኖ ሲወጣ ምን እንደተሠራለት፣ ከመኪናው ጋር ተያይዞ መሞከሩንና የሠራው ሰው መፈረሙን አያለሁ። ሁሉም ካለ ለዘበኛው "ክፈት" እላለሁ። አንዱ ከጎደለ በሩ አይከፈትም። ፈሪ ሴት በር ላይ ማስቀመጥ ጥሩ ሐሳብ ነው። ባለንብረቱ አስበውበት ይሁን ሳያስቡበት እስከ ዛሬ አላውቅም።

አንድ ቀን ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳነቴን ተራራ ሊሻገር ሆነ። መንጃ ፈቃዱ ገና ትኩስ ነው። ትንሿን አይሱዙ ይዞ፣ ባለተሳቢውን ትልቅ መኪና እየተከተለ ዱቄት ለአንገቱ ከተማ ያደርሳል፤ ሲመለሱ ቡና ይጭናሉ። ከጎባ በላይ ጉም ሲወርድ እንዴት እንደሆነ የሄደበት ያውቃል፤ የገዛ እጅህ ይጠፋሃል። ወደ ሐረና ጫካ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ከኋላ ያለ ሾፌር የሚያየው ከፊቱ ያለውን የፍሬን መብራት ብቻ ነው። ሲበራ ካየ እሱም ፍሬን ይይዛል። ካልበራ ግን ተሳቢው ሥር ይገባል። የዱሮዎቹ ዘመዶቻችን ከሰሜን መጥተው ጎባ ሲሰፍሩ፣ በዚያው ጉም ውስጥ ከፊት በምትሄደው በቅሎ ጭነት ላይ ቀይ ጨርቅ ያስሩ ነበር ትለኝ ነበር እናቴ። እኔ የማየው ጨርቅ አልነበረም፤ የማየው ወረቀት ነበር።

የዚያ ተሳቢ የፍሬን መብራት ደግሞ አልበራም ብሎ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ከማለዳ ጀምሮ ሥሩ ተኝቶ ሲጠግነው ቆይቷል። ረፋዱ ላይ የተሳቢው ሾፌር ወረቀቱን ይዘው መጡ። ቀልደኛ የጎሮ ሰው ናቸው። በዕድሜ ቢበልጡኝም ሊያሾፉብኝ ሲፈልጉ "አዮ"፣ እናቴ፣ ይሉኛል።

"አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ አዮ! ወረቀትሽ ይኸውና። ጉሙ ሳይወርድ በሩን አስከፍቺልን።"

አየሁት። ተጠግኗል፣ ተያይዞ ተሞክሯል፣ ተፈርሟል። አንድ የጎደለ ነገር የለም፤ ከወተት የነጣ ንጹሕ ወረቀት። ልጄ አይሱዙዋን አስነሥቶ እየጠበቀ ነው። "ክፈት" ልል ስል ኤሌክትሪሺያኑ መጣና "እንደምን አደሩ እትዬ" ብሎ ክንዱን ሰጠኝ፤ መዳፉ በግሪስ ጠቁሯል። ክንዱን ጨበጥኩና ሳልለቀው ቀረሁ።

"በዚህ እጅህ ነው ይህን የፈረምከው?"

"ኧረ ጠዋት ነው እትዬ፣ ሥራ ሳልጀምር።"

"ሳትሠራ ሠራሁ ብለህ?"

"ምን ላድርግ? ባለፈው አለቃችን ዘይት ነክቶታል ብለው ወረቀቴን መለሱብኝ። አሁን ሁላችንም እጃችን ሳይቆሽሽ ነው የምንፈርመው። ደሞ ሠርቼዋለሁ፣ ይበራል።"

"ከመኪናው ጋር አያይዘህ አይተሃል?"

"ለብቻው በመኪና ባትሪ ሞክሬዋለሁ።"

"ወረቀቱ ተያይዞ ነው የሚለው።"

ሾፌሩ ሳቁ። "አዮ፣ መብራቱ ያለው ከጀርባዬ! እኔ አላየውም፣ ምን ቸገረኝ!"

"ከጀርባዎ ያለው የኔ ልጅ ነው" አልኳቸው።

ወደ አይሱዙዋ ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ጋቢናቸው ላይ ወጡ።

ተሳቢው ተያያዘ፤ እኔ ከኋላው ቆምኩ።

"ረገጥኩ!" አሉ ከላይ።

የግራው በራ። የቀኙ ጨለማ ነው።

"ግራው ብቻ!"

"እማዬ፣ ኧረ አታሳፍሪኝ፤ አንዱም ይበቃኛል" አለ ልጄ በመስኮት።

"አንተ ዝም በልና መሪህን ያዝ!"

ኤሌክትሪሺያኑ መኪናውንና ተሳቢውን የሚያገናኘውን ገመድ ነካ ሲያደርገው የግራውም ድርግም አለ። ተሳቢው ላይ የሠራውስ ደህና ነበር፤ የላላው ሶኬቱ ነው፤ እሱን ደግሞ ሳያያይዙ ማወቅ አይቻልም። ፈታ፣ አጠበቀ፣ እንደገና ሰካ።

"ረገጥኩ!" "በራ!" "ለቀቅኩ!" "ጠፋ!" ገመዱን እያስነቀነቅኩ ደጋግሜ አስረገጥኳቸው።

"አዮ፣ ሐረና ሳልደርስ ፍሬኑን ጨረስሽው እኮ!"

አዲስ ወረቀት አመጣሁ። ኤሌክትሪሺያኑ "ልታጠብ" ሲለኝ "እንደዚያው ፈርም" አልኩት። ፈረመ፤ አውራ ጣቱ ጥርት ብሎ ታተመበት። በሩ ተከፈተ።

ከሰዓት በኋላ ባለንብረቱ ወረቀቱን በሁለት ጣት አንጠልጥለው "ይሄ ምንድነው? ወጥ ተደፍቶበታል?" አሉኝ።

"ከእንግዲህ እንዲህ ያልሆነውን አልቀበልም ጋሼ" አልኳቸው። የሆነውን ስነግራቸው ፋይሉ ውስጥ አስገቡትና ጣታቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። ሌላ ቀን ቢሆን ጨርቅ አቀብላቸው ነበር፤ ያን ሰዓት ግን ዓይኔ ስልኩ ላይ ነው።

ጠራ።

"እማዬ፣ አንገቱ ገብተናል።"

"ጉሙስ?"

"ተይኝ እስቲ። ሁለት ቀይ ነገር ብቻ እያየሁ ነው የወረድኩት። ሲበራ እይዛለሁ፣ ሲጠፋ እለቃለሁ።"

ሾፌሩ ስልኩን ነጠቁት። "አዮ! ልጅሽ ክላክስ ሲያደርግብኝ ዋለ! ቀስ ብዬ ስወርድ ሁሉ 'ቀስ ይበሉ' ይለኛል! ማንን እንደመሰለ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ" አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ቁርሴን የበላሁት።