ከግድግዳው ማዶ «ባድ» ሲል

ከጊንጪ ገበያ ስመለስ ያዙኝ። የፈለጉት ልጄን ነበር። አምቦ ከሚማርበት ግቢ ወጥቶ ቤት አልገባም፤ እሱን ሲያጡ እኔን ወሰዱ። የት እንዳለ እኔም አላውቅም ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ ነቀዝ የበላው ስንዴ ይሸታል። ግድግዳው ጭቃ ነው። ሊመሽ ሲል ከማዶ አንድ ወንድ ቀስ ብሎ «ባድ» አለ። ብዙ ድምፆች ተቀብለው «ባድ» አሉ። በኦሮምኛችን «በዴ» ጠፋ ማለት ነው። የልጄን መርዶ የሚነግሩኝ መሰለኝ። ልጮህ ብድግ አልኩ።

አብራኝ የታሰረችው የእጃጂ ከተማ ጤና ረዳት ክንዴን ያዘች።

«አዴ» አለችኝ እንደ እናቷ፤ «እንግሊዝኛ ነው። መምህር ሳይሆን አይቀርም፤ አብረውት ያሉትን እያስተማረ ነው። ባድ ኒውስ መጥፎ ወሬ፣ ባድ ላክ መጥፎ ዕድል።»

«ሌላ የሚያስተምረው አጣ?»

«እዚህ ምን ጥሩ ነገር አለና?»

ሳቅን።

በየምሽቱ ያስተምራል። የሚቀበሉት ድምፆች ግን እያነሱ ሄዱ። በራቸው ሲከፈት እንሰማለን፤ በማግስቱ አንድ ድምፅ ይጎድላል። አንድ ምሽት «ባድ ድሪም፣ መጥፎ ሕልም» አለ፤ የተቀበለው የለም። ደገመው። አሁንም ዝም።

ጠባቂው «ከግድግዳ ጋር ያወራች ጠያቂ አይገባላትም» ብሎናል። በማግስቱ እህቴ የልጄን ወሬ ይዛ ልትመጣ ነበር።

አፌን ወደ ጭቃው አስጠግቼ «ባድ ዲሪሚ» አልኩ።

ከማዶ መምህሩ፣

«ድሪም ነው፣ እናቴ። እስቲ ይድገሙት።»

ደገምኩት።

በራችን ተከፈተ። ጠባቂው «ማነች ያወራችው?» አለ።

ጤና ረዳቷ ጥፋቱን በራሷ ልታደርግ አፏን ስትከፍት ቀደምኳት። ሻሼን አስተካክዬ ተነሣሁና «እኔ ነኝ» አልኩ።

እህቴን ከበር መለሷት። ልጄ በሕይወት መኖሩን የሰማሁት ስፈታ ነው። ጌታ ይመስገን፣ ዛሬ አብሮኝ ነው።

የመምህሩን ድምፅ ከዚያ ምሽት ወዲያ አልሰማሁም። ስሙን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ስጸልይ እሱ ጋ ስደርስ የምጠራው ስም ስለሌለኝ ትንሽ ዝም እላለሁ። ጌታ ማንን እንደምል ያውቃል።