ጭቃ በወንፊት

ልጄ ሥራ ከያዘች በኋላ ልብሷን ለብቻዋ ማጠብ ጀመረች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ካልሲዋን እንኳ ከወለል ላይ የማነሣላት እኔ ነበርኩ። አሁን በሩን ከፍታ ቀጥታ መታጠቢያ ቤት ትገባና ትቆልፋለች። በአጠገቤ ስታልፍ የተበላሸ ዕንቁላል ትሸታለች። ከሥራ ነው ትለኛለች። ያመንኳት መስሏት ነበር።

አንድ ቅዳሜ እጅጌዋ ላይ ቀይ ነገር አየሁ። ደም ነው ብዬ እጇን ያዝኩ። ጠጋ ብዬ ሳየው ወደ ሮዝ ያደላል፤ ጥፍሮቿ ሥርም እንደዚያው።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ቀለም ነው ማሚ። ለትሎቹ።"

"ለምኖቹ?"

"ለባሕር ትሎች። ጭቃው ውስጥ ቶሎ እንዲታዩን ቀለም እናደርግባቸዋለን። ኢትስ ማይ ጆብ።"

"ትል ቀለም ቀቢ ሆነሽ ነው የተቀጠርሽው?"

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። የሆስፒታል ኩሽና ውስጥ ስሠራ ብዙ ዘመኔ ነው፤ በዚህ በአሜሪካ አገር ያላየሁት ሥራ የለም፤ ትል ቀለም እየነከሩ ደመወዝ መብላት ግን አልሰማሁም። ውሸት ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ ታመጣ ነበር እላለሁ። መልሼ ደግሞ፣ እንደዚህ እንድል ብላ ይሆናል እላለሁ።

ሶ በዕረፍቴ ቀን "እኔ ነኝ የማደርስሽ፤ አለቃሽን ልወቃት" አልኳት።

"ማሚ፣ ኪንደርጋርተን አይደለም እኮ።"

የመኪናው ቁልፍ ግን እኔ እጅ ነው።

ከሰፈራችን ከቢከን ሂል ቁልቁል ወርደን፣ ወንዙ ከባሕሩ ጋር የሚቀላቀልበት ጋ ፓርክ አደረግን። ውሃው ሸሽቶ ጭቃው ተገልጧል። ዳር ላይ ዓሣ ተሥሎ የተሰረዘበት ምልክት ቆሟል። ለዚያ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ዓሣው የማይበላበት ጭቃ ውስጥ ነው ልጄ እጇን የምትከተው።

አለቃዋ ሽበታም ፈረንጅ ናት። ጭቃውን ትልቅ ወንፊት ላይ አድርጋ ውሃ ታፈስበታለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዱቄት ስነፋ የምጥለው ትሉን ነው፤ እነሱ ጭቃውን ይጥሉና ትሉን ጠርሙስ ውስጥ ያኖራሉ። ልጄ በጓንቷ መዳፍ ላይ አንዱን አሳየችኝ፤ እንደ ክር የቀጠነ፣ ቀይ፣ የሚጠማዘዝ።

"ጥሩ ጭቃ ብዙ ዓይነት አለው" አለች። "ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ ሸርጣን፣ ሁሉም። መጥፎው ውስጥ ግን ሌሎቹ ይጠፉና ይኼ ብቻውን ይበዛል። ቆሻሻ ይችላል።"

"እዚህ የበዛው የቱ ነው?"

ዓይኗን ወደ ወንፊቱ መለሰች።

"አንቺ ልጅ።"

"ይኼኛው።"

"ሴትዮዋን ጠይቂልኝ። የራሷ ልጅ ብትሆን እዚህ ጭቃ ውስጥ ታስገባት ነበር?"

ልጄ አንድ አጭር ነገር አለቻት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ፣ አየሩ ዛሬ ጥሩ ነው አለችኝ። እንግሊዝኛዬ ጥቂት ነው፤ ግን ልጅ የሚለውን ቃል አላጣውም፤ አልተባለም።

"በደንብ ጠይቂልኝ።"

"ማም፣ ስቶፕ።"

እኔው በተሰባበረ አፌ ጠየቅኳት። ፈገግታዋ ቀረ። ልጅ የለኝም አለች። እሷ በወጣትነቷ በባዶ እጇ ትሠራ ነበር፤ ያኔ ማንም አያውቅም ነበር፤ አሁን ግን ያለ ጓንት ማንንም አታስነካም። ይኼ የሚያረጋጋኝ መስሏት ነው። ዛሬስ ገና የማያውቁት ነገር እንደሌለ ማን ይነግረኛል?

"ተይው ይኼን ሥራ" አልኳት ልጄን።

"አልተውም። ቦታው እየዳነ መሆኑን በምን እናውቃለን? በትሎቹ ነው። ነይ እስቲ፣ ይኼን እዪ።" የአሸዋ ቅንጣት በቅንጣት አጣብቆ ቱቦ ሠርቶ የተኛ ትል ነው። "ዓምና እዚህ ይኼ አልነበረም። አንድም።" ስታወራ እጄን ይዛኛለች፣ በዚያ በጭቃማ ጓንቷ። አልነጠቅኳትም።

"እንግዲያው ጓንቱን አውልቂው" አልኳት።

ቀዳዳ ካለው ብዬ የመጠጥ ውሃዬን ጓንቱ ውስጥ ሞላሁና አፉን ጨምቄ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ጣት በጣት ተጫንኩት። ሴትዮዋም ሥራዋን አቁማ ታያለች። ጠብታ አልወጣም።

"ኦኬ?" አለችኝ ልጄ።

"ሌላውን አምጪ" አልኳት።