ከፋርማሲስቱ ወንበር ጀርባ

ከባድ መኪና ሥር ተጋድሞ ፍሬን ሲፈታ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው፣ የእንጨት ፈረስ ሲያይ ለምን ይርዳል? መካኒኩን ይህን የጠየቀው ብዙ ነው፤ መልሱን ግን እሱም አያውቀውም።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከቤት የሚያወጣው ነገር ቢኖር የቼዝ ክለቡ ብቻ ነበር። እዚያም ቢሆን ከጨዋታው መክፈቻ ማለፍ አቃተው፤ በተለይ ከክለቡ አባል ከፋርማሲስቱ ጋር ሲቀመጥ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ንጉሡ ይያዛል። በመጨረሻ የክለቡ ሰብሳቢ ቁርጡን ነገረው።

«ወንድሜ፣ ቅዳሜም ከሱ ጋር ስትጫወት እንዲህ ከተሸነፍክ ከቡድኑ ትወጣለህ። ምን ላድርግ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ክለቡ ጨዋታዎቹን ሁሉ እየመዘገበ ለአባላቱ በስልክ ይልካል። መካኒኩ ምሳ ሰዓት ላይ ከመኪናው ሥር ሳይወጣ የፋርማሲስቱን ጨዋታዎች በቅባታም ጣቱ እየገፋ ያጠና ጀመር። ሰውዬው በነጭ ሲጫወት ገና ከመነሻው አንድ ወታደር እንደ ዋዛ አሳልፎ ይሰጣል። ያን ወታደር የበላ ሁሉ አለቀለት። ሳይነካው ያለፈ አንድ ሰው ብቻ በሰላም ተነሥቷል።

«አንተ ልጅ፣ ጉንጭህ እኮ ገባ» አለችው ታላቅ እህቱ ሳህኑን ወደሱ እየገፋች። «ከንጉሡ በፊት አንተ ልትሞት ነው።»

«እትዬ፣ ካስወጡኝ የት እሄዳለሁ?»

«እዚሁ ተቀምጠህ ሽንኩርት ትልጥልኛለህ።»

እሷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ቅዳሜ ከሰዓት ጥቁሩ ደረሰው። ይህንንስ ጠብቆት ነበር። ሰሌዳው ግን ጭራሽ የማያውቀው ነገር ሆነበት። ስልኩ ሁልጊዜ ነጩን ከታች አድርጎ ነው የሚያሳየው፤ ያን ሁሉ ጨዋታ ያጠናው በፋርማሲስቱ ዓይን ኖሯል። አሁን ግራው ቀኝ፣ ላዩ ታች ሆኖ ተገለባበጠበት። ፋርማሲስቱ አንድ ወታደር ገፋ። ያ በዋዛ የሚሰጠው ይሆን? ወይስ ገና ነው? ላቡ ባንገቱ ወደ ጀርባው ወረደ። እጁን ሰደደና ሳይነካ መለሰው።

«ምነው፣ ይነክሳል እንዴ?» አለ ፋርማሲስቱ።

መካኒኩ ተነሣ። ጠረጴዛውን ዞረና ከፋርማሲስቱ ወንበር ጀርባ ቆመ።

«ምን ፍለጋ ነው ወዲህ?»

«እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።»

«እግርህን እኔ ማጅራት ላይ ነው የምታፍታታው?»

ተመልካቹ ሳቀ። ሰብሳቢው ግን አላስቀመጠውም፤ ተነሥቶ መቆም አይከለከልም።

ከዚያ ሆኖ ሲያየው ሰሌዳው የሚያውቀው ሰሌዳ ሆነ። የተገፋውም ወታደር ያው ያጠናው ነበር። ተመልሶ ተቀመጠ፤ ወታደሩን ትቶ ፈረሱን አወጣ። ፈረሱ ሰሌዳው ላይ ተንኳኳ። ፋርማሲስቱ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

ከዚያ በኋላ ሲጨንቀው ይነሣል፣ ይዞራል፣ አይቶ ይመለሳል። በመጨረሻ ሁለቱ ንጉሦች ብቻ ቀሩና አቻ ወጡ።

«ቦታህ ቦታህ ነው» አለው ሰብሳቢው። «ወንበር ግን የሚያስፈልግህ አይመስለኝም።»

ቤት ሲደርስ እህቱ ራት እየሠራች ነበር።

«እህሳ?» አለች እህቱ።

«አላስወጡኝም።» ሶፋው ላይ ጋደም አለ። «ግን እትዬ፣ የሚመጣው ቅዳሜ ከሌላ ሰው ጋር ነው። እሱ ደግሞ ምን እንደሚጫወት...»

ልትመልስለት ዞር ስትል ጫማውን እንዳደረገ እያንኮራፋ ነበር። ራት ገና አልቀረበም፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው።