ተራራቁ እያልን የሰበሰብነው ሰው

ኮሮና ገባ ተብሎ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ቡታጅራ ላይ የአንድ የወጣቶች ድራማ ክበብ ኃላፊ ነበርኩ። እንጀራዬ የአማርኛ መምህርነት ነው፤ ክበቡን የያዝኩት ድራማ ስለምወድ ብቻ ነው። አባሎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። መጀመሪያ አትሰብሰቡ ተባልንና ተበተንን። ጥቂት ቆይቶ ያው አትሰብሰቡ ያለን የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት አስጠርቶኝ፣ ልጆቹን ይዤ ገበያ ላይ ስለ ጥንቃቄ የሚያስተምር ድራማ እንዳሳይ ነገረኝ። ስንት ሆነን መለማመድ እንደምንችል ጠየቅኩ። አንደኛው ሰውዬ ከአራት እንዳንበልጥ አስጠነቀቀኝ፤ ከጎኑ የተቀመጠው ደግሞ ሜዳ ላይ እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም አለ። እርስ በርሳቸው አልተከራከሩም። ሁለቱም በፈገግታ ሸኙኝ። የማንን ቃል ይዤ እንደወጣሁ ለራሴም አልገባኝም።

ኳስ ሜዳው ዳር፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር መለማመድ ጀመርን። ባልዲና ሳሙና አስቀመጥን፤ እኔ ደግሞ ገመድ ይዤ በልጆቹ መካከል ያለውን ርቀት እለካለሁ። ታሪኩ ከአዲስ አበባ ታሞ ስለመጣ ልጅና ልትጠጋው ስለማትችል እናቱ ነው። እናቲቱን የምትጫወተው ከእንሴኖ መጥቶ ቡታጅራ ላይ በርበሬ የሚነግድ ሰው ልጅ ነበረች። በማስክ ውስጥ ሆና ድምፅዋ ሜዳውን የሚያዳርስ ሌላ ሰው አልነበረንም። አንድ ቀን ልምምዱን አቋርጣ ወደ እኔ ዞረች።

«ቲቸር፣ እናት ልጇን ሳትነካው እንዴት አድርጋ ነው የምታለቅስለት?»

ከሩቅ አልቅሺ አልኳት። ሞከረች። ያስቃል እንጂ አያስለቅስም። እንደገና ሞከረች፤ በመጨረሻ ነጠላዋን ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋ ስታለቅስ ርቀት መለካቴን ረሳሁ።

ገበያ ላይ የተሰጠን ቦታ በርበሬ ተራው አጠገብ ነበር። እዚያ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል፣ ጉሮሮውን ይከረክረዋል። ታማሚውን የሚጫወተው ልጅ ሲስል ተመልካቹም አብሮት ይስላል፤ የቱ ትወና የቱ የበርበሬ እንደሆነ አይለይም። ሰውን ለማራራቅ መሬቱ ላይ በኖራ ክብ ክብ ሠርተን ነበር። ልጅቷ ነጠላዋን አቅፋ ማልቀስ ስትጀምር ግን ከኋላ ያሉት ለማየት ገፉ፣ የፊተኞቹ ወደ እኛ ተጠጉ፣ ኖራው በእግር ጠፋ። እኔ በሜጋፎን ተራራቁ እላለሁ፤ የእኔን ጩኸት የሰማ ደግሞ ምን ተፈጠረ ብሎ ከሌላው ተራ ይመጣል። አብራን የነበረችው የጤና ጣቢያ ነርስ ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ «ድራማችሁ ጥሩ ነው፤ ችግሩም እሱ ነው» አለችኝ።

እናቁም ወይስ እንቀጥል ብዬ ጠየቅኳት። ማሰብ አለብኝ አለች። ጽሕፈት ቤቱ ግን ብዙ ሰው እንዳየን ሰምቶ አመሰገነንና ድገሙት አለን። ደገምነው።

ብዙም ሳይቆይ ከገበያተኛውም ከእኛም የአፍንጫ ናሙና ተወሰደ። በልምምዱ ሁሉ ሲስል የከረመው ልጅ ነፃ ሆነ። እኔም ነፃ ነኝ ተባልኩ። ተገኘባት የተባለችው አንድ ቀን እንኳ ያላነጠሰችው፣ ድምፅዋ ሜዳ የሚያዳርሰው ልጅ ነበረች። መኪና መጥቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደነበረው ለይቶ ማቆያ ወሰዳት። ወሬውን ሰምቼ ቤታቸው ስሄድ አባቷ በሩ ላይ ቆመዋል። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ሰላምታዬን በእርጋታ መለሱልኝ።

«እህቴ» አሉኝ፣ «ልጄን ሰው ስታስተምር ነው የያዛት? ወይስ ይዟት ነው ስታስተምር የነበረው?»

አላውቅም አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁና አላህ ያውቃል ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

ስልክ ስደውልላት ምንም እንደማያማት፣ ትኩሳቷን የሚለኩት ሰዎች ግን ከእሷ ይልቅ የታመሙ እንደሚመስሉ እየሳቀች ትነግረኝ ነበር። ነፃ ነሽ ተብላ ስትመለስ ሳቋ ቀረ። ቦኖ ላይ ስትደርስ ጎረቤቷ ጀሪካኗን አንስታ ዞር አለች። የአባቷን በርበሬ የሚያገላብጠው ሰው ቀነሰ። የክበቡ ልጆች ሄደን እንጠይቃት አሉኝ። ነርሷን አማከርኳት፤ አሁን ከማንም በላይ አታስተላልፍም፣ ሂዱ፣ ማስካችሁን ግን አታውልቁ አለችኝ። የአንዱ አባል እናት ደግሞ ነርሷ እንዲህ የምትለው ሕዝቡ እንዳይደነግጥ ብላ ነው አሉኝ። የሰው ልጆች በእጄ ናቸው። እሷም የሰው ልጅ ናት። ልሂድ ስል ያስፈራኛል፤ ልቅር ስል ያሳፍረኛል።

በመጨረሻ ቤተሰባቸው የፈቀደላቸውን ብቻ ይዤ ሄድኩ። ከአጥሩ ውጭ፣ መንገዱ ላይ ተራርቀን ቆምንና ያንኑ ድራማ ጀመርን። እናት አልነበረንም። ልጅቷ ከቤቷ ደጃፍ ላይ ሆና የራሷን ቃል መናገር ጀመረች። ጎረቤቶች አንድ በአንድ ወጥተው በየአጥራቸው ቆሙ። ያን ያህል ርቀቱን የጠበቀ ተመልካች ኖሮን አያውቅም። ልቤ ትንሽ አረፈ።

የልቅሶው ቦታ ሲደርስ ነጠላ አልያዘችም ነበር። ባዶ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ አለቀሰች፤ ይሄ ከድራማው እንዳልሆነ ሁላችንም አወቅን። ያኔ ቦኖ ላይ ዞር ያለችው ጎረቤት መንገዱን ተሻግራ፣ በሩን ገፍታ ገባችና ልጅቷን እቅፍ አደረገቻት። ማስክም አላደረገችም።

ሜጋፎኑ እጄ ላይ ነው። ልጆቹ እኔን ያዩኛል። ስንት ሳምንት ሙሉ አትነካኩ ስል የኖርኩት እኔ ነኝ። ቁልፉን ተጫንኩት፤ ሲጮህ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መልሼ አጠፋሁት።

ከዚያ ቀን ጋር የተያያዘ በሽታ አልሰማሁም። አልተያዘም ማለት ይሁን አልተመረመረም ማለት፣ አላውቅም። የአባቷ ደንበኞች ቀስ በቀስ ተመለሱ። ነርሷ ነገሩን ስነግራት መቆጣት ይገባት እንደነበር፣ ግን መቆጣት እንዳቃታት ነገረችኝ።

ልጅቷ አሁን ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ባለፈው ለእረፍት መጥታ አዲሶቹን ልጆች ስታለማምድ አንዱ ክፉኛ ሳለ። እሷ ንግግሯን አቁማ ወደ እኔ አየች። ልጁን ቤትህ ሂድ፣ ሲሻልህ ና አልኩት። ቅር ብሎት ቦርሳውን አንስቶ ሄደ። ምናልባት የሜዳው አቧራ ይሆናል። ተከትዬው ሄጄ ልመልሰው አሰብኩ፤ እሷ ግን ልምምዱን ቀጥላ ነበርና መልሼ ተቀመጥኩ።